በአራዳ ከፍታ ላይ ስለ አረጀ ሞተር የሚሰጥ ፍርድ

ከለገሐር ተነሥቶ የቸርችልን ጎዳና ሽቅብ እየገፋ ወደ ማዘጋጃ ቤትና ወደ ፒያሳ የሚወጣ አሮጌ ቮልስ ዋገን ወይም ሰማያዊና ነጭ የተቀባ የላዳ ታክሲ፣ በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተና ከኋላው ጭስ እየለቀቀ ዳገቱን ሲጨርስ ያየ መንገደኛ ሁሉ፣ መካኒክ ባይሆንም እንኳ፣ «ይህ ሞተር አልቆለታል» ብሎ ለመፍረድ አይዘገይም። ባለመኪናውም ይህንኑ ቃል በየጋራዡ እየሰማ፣ ሞተሩ ወርዶ ይታደስ ወይስ መኪናው በተገኘው ዋጋ ይሸጥ እያለ በሐሳብ ሲዋልል ይከርማል። የሞተር እርጅና በእርግጥ በቁጥር ሊመረመር የሚችል ነገር ነው፤ ዳሩ ግን የመመርመሪያው ሕግ የተጻፈው በባሕር ጠረፍ ላሉ አገሮች ስለ ሆነ፣ ሳይታረም በአዲስ አበባ የሠሩበት እንደ ሆነ ጤነኛውን ሞተር ከሙታን ይቈጥረዋል።

የቤንዚን ሞተር ኀይሉን የሚያገኘው አየርና ቤንዚን ተዋሕደው ወደ ሲሊንደሩ ከገቡ በኋላ ፒስቶኑ አምቆ ሲያጠብባቸውና ካንዴላው በእሳት ሲለኩሳቸው ነው። የታመቀው አየር እንዳያመልጥ የሚጠብቁት የፒስቶኑ ፋሻዎች፣ ቫልቮቹና የቴስታታው ጓርኒሲዮን ሲሆኑ፣ ከእነዚህ አንዱ ሲደክም ግፊቱ ይወርዳል። ስለዚህ መካኒኩ ካንዴላውን አውልቆ በቀዳዳው የኮምፕሬሽን መለኪያ ይገጥምና ሞተሩን በማስነሻው አዙሮ ቁጥሩን ያነባል፤ ከዚያም ያነበበውን ፋብሪካው በመጽሐፍ ካሰፈረው ልክ ጋር ያስተያያል።

ስሕተቱ የሚገባው በዚህ በማስተያየቱ ላይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,355 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተመሠረተች ከተማ ናት፤ አራዳና ፒያሳም ከዚህ ልክ ጥቂት ከፍ ይላሉ። በባሕር ወለል 1.01 ባር የሚመዝነው የአየር ግፊት በዚህ ከፍታ ወደ 0.76 ባር ዝቅ ይላል፣ ይኸውም ሦስት አራተኛው ያህል ብቻ ይቀራል ማለት ነው። ሲሊንደር ያገኘውን አየር ያምቀዋል እንጂ ያላገኘውን አይፈጥርምና፣ በጅቡቲ ወደብ 12 ባር የሚያሳየው ያው ሞተር፣ አንድም ብሎን ሳይፈታለት በባቡር ወይም በጭነት ተጭኖ ጊዮርጊስ አደባባይ ቢደርስ 9 ባር ገደማ ያሳያል። መጽሐፉ ከ10 ባር በታች የወረደ ሞተር ይታደስ የሚል ከሆነ፣ ያለ አንዳች ደዌ የመጣው ሞተር በከፍታው ብቻ ይኰነናል፤ ባለቤቱም ላላስፈለገ ሥራ የብዙ ወር ደመወዙን ይከፍላል።

ከዚህ አደጋ የሚያድነው ቀዳሚው ብልሃት ሲሊንደሮቹን እርስ በርሳቸው ማመዛዘን ነው፤ የአራዳ አየር ለአራቱም እኩል ቀጥኖ የሚደርሳቸው ስለ ሆነ፣ ሦስቱ 9 እያሳዩ አራተኛው 6 ቢያሳይ ጥፋቱ የከፍታው ሳይሆን የራሱ የሲሊንደሩ መሆኑ ያለ ክርክር ይታወቃል። ቀጥሎም በካንዴላው ቀዳዳ ጥቂት የሞተር ዘይት ጠብ አድርጎ እንደ ገና መለካት ነው፤ ቁጥሩ ከፍ ካለ ዘይቱ የደከመውን ፋሻ ደግፎታልና ጉዳቱ ከፋሻው ወይም ከሲሊንደሩ ግድግዳ ነው፣ ፈቀቅ ካላለ ግን ቫልቩን ወይም ጓርኒሲዮኑን መጠርጠር ይገባል፤ እነዚህ ደግሞ ቴስታታው ብቻ ወርዶ የሚሠሩ ስለ ሆኑ ሞተሩን በሙሉ ማፍረስ አያስፈልግም። የደከመ ባትሪ ሞተሩን በዝግታ ስለሚያዞረው ቁጥሩን ያለ ጥፋቱ ዝቅ እንደሚያደርገውም መዘንጋት የለበትም። ጭሱም ቢሆን ቀለሙ ይታይ፦ ሰማያዊው የሚቃጠል ዘይት ሲሆን፣ ጥቁሩ ግን ካርቡራቶሩ ለባሕር ጠረፍ አየር እንደ ተስተካከለ ቀርቶ በቀጭኑ አየር ላይ ቤንዚን ስለሚያበዛ የሚመጣ ነው፤ ይህም በቶሎ ካልታረመ ትርፉ ቤንዚን ከሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ዘይቱን እያጠበ እውነተኛውን እርጅና ያስከትላል።

የመለኪያው ስሕተት ከሁሉ ይልቅ የሚከፋው በዓለም ቁጥሩ ጥቂት፣ ጠባዩም ልዩ በሆነው በሮታሪ ሞተር ላይ ነው። ጀርመናዊው ፌሊክስ ቫንክል የፈለሰፈውና እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1957 በኤን ኤስ ዩ ፋብሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ የሠራው ይህ ሞተር ተመላላሽ ፒስቶንም ሆነ ቫልቭ የለውም፤ በእነርሱ ፈንታ ጎኖቹ ጎበጥ ያሉ ባለ ሦስት ማዕዘን ሮተር፣ ወገቡ ጠበብ ባለ ሞላላ ቤት ውስጥ እየዞረ በሦስቱ ጎኖቹ በየተራ አየሩን ያስገባል፣ ያምቃል፣ ያቃጥላል፣ ያስወጣል። በማዕዘኖቹ ጫፍ የተሰኩት አፔክስ ሲል የሚባሉ ቀጫጭን ማኅተሞች የፋሻን አገልግሎት ይሰጣሉ፤ ነገር ግን ግድግዳውን የሚነኩት በአንዲት ቀጭን መስመር ብቻ በመሆኑና የሚነኩበትም ማዕዘን ያለ ዕረፍት ስለሚለዋወጥ ቶሎ ያልቃሉ። በ1967 የወጣችውና በዓመቱ በአውሮፓ የዓመቱ መኪና ተብላ የተሸለመችው ኤን ኤስ ዩ ሮ 80 በዚሁ ደዌ ተመታች፤ ፋብሪካው በየደንበኛው መኪና ላይ አዲስ ሞተር እየቀየረ ዐቅሙ ተሟጠጠና በ1969 በቮልስ ዋገን ሥር ገባ። በሂሮሺማ የማዝዳ መሐንዲሶች፣ በኬንኢቺ ያማሞቶ መሪነት፣ በግድግዳው ላይ ይወጣ የነበረውንና ራሳቸው የሰይጣን የጥፍር ጭረት ያሉትን ሽንትር ለማጥፋት ዓመታት ደክመው ከካርቦንና ከአሉሚኒየም የተዋሐደ ማኅተም ባያገኙ ኖሮ፣ ይህ ጥበብ በዚያው በቀረ ነበር።

ማዝዳ ኋላ አር ኤክስ 7 በተባለው መኪናው በሮታሪው ሞተር ላይ ቱርቦ ጨመረበት። ቱርቦ የሚወጣውን ትኩስ ጭስ ኀይል ተጠቅሞ አየር እየጨመቀ የሚያስገባ ስለ ሆነ በእኛ ከፍታ የቀጠነውን አየር ይክሳል፤ ነገር ግን ይህን ለማድረግ ከባሕር ጠረፉ ይልቅ መፍጠንና አየሩን ይበልጥ ማሞቅ ግድ ይሆንበታል፣ የጋለ አየር ደግሞ ቤንዚኑ ያለ ጊዜው እንዲፈነዳ ያነሣሣል፣ አፔክስ ሲልን የሚሰብረውም ይህ ፍንዳታ ነው። ከዚህም ሌላ ቱርቦው በጉዞ ላይ የሞተሩን ድካም ይሸፍናል፤ ለምርመራ በማስነሻ ሲዞር ግን ምንም አይረዳም። ፋብሪካው ለእንዲህ ያለው ሞተር የሚፈቅደው ዝቅተኛ ልክ በደቂቃ 250 ዙር 6.9 ባር ገደማ ሲሆን፣ በባሕር ወለል 8 ባር የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር በአራዳ 6 ባር ብቻ ያሳያል፤ እንግዲህ ትክክለኛው የእኛ ወሰን 5.2 ባር አካባቢ ነው። ተራ መለኪያም ከሦስቱ ጎኖች የበረታውን ብቻ ስለሚያሳይ፣ የየጎኑን ግፊት ለይቶ የሚያነብ መሣሪያ ያስፈልጋል። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ በቀላሉ እየተነሣ ሲግል ግን አልነሣም የሚል ከሆነ የታመነ የድካም ምልክት ነው።

በእድሳቱም ሁለቱ ዓይነት ሞተሮች ይለያያሉ። ያለቀ የላዳ ሲሊንደር በቶርኖ ቤት በጥቂቱ ተሰፍቶ ከልኩ በለጥ ያለ ፒስቶን ይገባለታል፤ የቮልስ ዋገኑ አራት ሲሊንደሮችም አንድ በአንድ የሚነቀሉ ስለ ሆኑ መሰፋት እንኳ ሳያስፈልጋቸው ከነፒስቶናቸው ይለወጣሉ። ስለዚህ ዘይት በመጠኑ ቢበላም ግፊቱ እኩል የሆነ የፒስቶን ሞተር እየተጠበቀ ቢሠራበት የሚጎዳ ነገር የለም። የማዝዳው ሮታሪ ቤት ግን ውስጡ በክሮም የተለበጠ በመሆኑ ሊሰፋ አይችልም፤ የተሰበረው ማኅተም ግድግዳውን ልጦ፣ በጭስ መውጫው አልፎ የቱርቦውን ክንፎች ይመታልና፣ በፒስቶን ሞተር ጥበብ የሆነው ትዕግሥት በሮታሪ ጥፋት ይሆናል።

በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ ያለውን ሞተር ማዳን ከቀድሞው ይልቅ የሚያዋጣ ሆኗል፤ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ባለ እጆች በሰፈሩበት በሠራተኛ ሰፈር ለጀመረው ለአራዳ የጥበበ እድ ልማድም ይህ የሚገባ ሥራ ነው። በእኔ ፍርድ፣ የመኪናው አካል ያልዛገ፣ መለዋወጫውም በሱማሌ ተራ የሚገኝ ከሆነ የፒስቶን ሞተር ይታደስ፤ ሮታሪው ግን ቤቱ ሳይላጥ ቶሎ ካልተደረሰበትና አዲስ ማኅተም ከውጭ ካልመጣለት ባይነካ ይሻላል። ውድ አንባቢ ሆይ፣ ሞተርዎ ይውረድ ሲባሉ አስቀድመው የእያንዳንዱን ሲሊንደር ቁጥር በወረቀት ያስጽፉ፤ የፋብሪካውን ልክ በ0.75 አባዝተው ያስተያዩ፤ ይህን ሳያደርጉ የሞተሩ አንድ ብሎን እንኳ እንዲፈታ አይፍቀዱ።