የስምንት አኃዝ በር፦ የፕሮክሲ ሰርቨር ቀዳዳ እንዴት ይደፈናል?

በኢሉባቦር፣ በሶር ወንዝ ላይ፣ 5 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የውኃ ኃይል ጣቢያ ተሠርቷል። በእንዲህ ያሉ ጣቢያዎች ውኃው እንዳለ ወደ ተርባይን አይለቀቅም። በመግቢያው ላይ የብረት ፍርግርግ ይተከላል፤ ጎርፍ ያመጣው ግንድና ቅርንጫፍ እዚያው ይታገዳል። ፍርግርጉ በራሱ ኃይል አያመነጭም፤ እርሱ ከሌለ ግን ተርባይኑ ብዙ አይቆይም። ዛሬ ለውድ አንባቢዎቻችን የምናቀርበው ርእስ የኮምፒውተር ቢሆንም ከዚህ ፍርግርግ ጋር የቅርብ ዝምድና አለው።

ለመሆኑ ፕሮክሲ ሰርቨር ምንድን ነው?

በመቱ ወይም በጎሬ የሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት 40 ኮምፒውተሮች ኖረውት ሁሉም አንዲት ቀጭን የኢንተርኔት መስመር ይጋራሉ እንበል። ፕሮክሲ ሰርቨር በተማሪዎቹና በውጭው ዓለም መካከል የሚቆም መልእክተኛ ነው። ተማሪው የጠየቀውን ገጽ ሄዶ ያመጣለታል፤ ቅጂውንም ስለሚያስቀምጥ ሌላው ተማሪ ያንኑ ገጽ ሲጠይቅ መስመሩን ሳያጨናንቅ ይሰጠዋል። ዛሬ አብዛኞቹ ድረ ገጾች በምስጢር ኮድ ተቆልፈው ስለሚላኩ ቅጂ የማኖሩ ጥቅም ቀንሷል፤ ተጠቃሚዎችን ለመለየትና መስመሩን ለመደልደል ግን አሁንም ያገለግላል። ለዚህ ተግባር ከተዘጋጁት ሶፍትዌሮች አንዱ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በነፃ የሚታደለው ስኩዊድ ነው።

ቀዳዳው የት ነበር?

እ.ኤ.አ. በ2021 ጆሹዋ ሮጀርስ የተባለ ተመራማሪ የስኩዊድን ኮድ ፈትሾ 55 ጉድለቶችን አገኘ። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2023 ውጤቱን ለሕዝብ ይፋ ሲያደርግ 35ቱ ገና እንዳልታረሙ ገለጸ። ከጉድለቶቹ አንዱን ቀረብ ብለን እንመልከት።

ስኩዊድ ተጠቃሚን ከሚለይባቸው መንገዶች በአንደኛው ተጠቃሚው የይለፍ ቃሉን እንዳለ አይልክም፤ ሰርቨሩ ከሰጠው ጊዜያዊ ምልክት ጋር አቀናጅቶ ያሰላውን ውጤት ብቻ ይልካል። በዚያ ምልክት ስንት ጊዜ እንደተጠቀመ የሚገልጽ ቆጠራም ያያይዛል። የቆጠራው ዓላማ ጠላፊ አሮጌ መልእክት ሰርቆ ዳግመኛ እንዳይልክ መከላከል ነው። ርዝመቱ 8 አኃዝ እንዲሆን ተደንግጓል። እያንዳንዱ አኃዝ 16 ዓይነት ዋጋ ሊይዝ ስለሚችል ስምንቱ በአንድነት 4,294,967,296 ልዩ ልዩ ቁጥሮችን ይወክላሉ፤ ለቆጠራ ከበቂ በላይ ነው።

ስኩዊድ ለዚህ 9 ባይት ስፍራ አዘጋጅቶ ነበር፦ 8ቱ ለአኃዞቹ፣ አንዱ ለማብቂያ ምልክቱ። ሆኖም የመጣው ጽሑፍ 8 አኃዝ ባይሆንም እንኳ ወደ ስፍራው ይገለብጠው ነበር። በ8 ፋንታ 8 ሺህ ፊደል ቢላክስ? ከማሰሮ የተረፈ ውኃ መሬት ላይ ይፈሳል። በኮምፒውተር ማኅደረ ትውስታ ውስጥ ግን የተረፈው በአጠገቡ ያለውን የሌላ ሥራ መረጃ ደምስሶ በቦታው ይቀመጣል። የስኩዊድ አዘጋጆች ባወጡት ማስጠንቀቂያ መሠረት ጠላፊው በዚህ መንገድ እስከ 2 ሜጋ ባይት የሚደርስ የራሱን ጽሑፍ ሊያስገባ ይችል ነበር። ይህም የሚሆነው የይለፍ ቃሉ ከመመርመሩ በፊት ነው። እንግዲህ ለጥበቃ የተጨመረው ቆጠራ ራሱ የጥቃት በር ሆነ ማለት ነው።

ጥገናው

መፍትሔው አጭር ነበር። የመጣው ቆጠራ ርዝመት በትክክል 8 ከሆነ ይገልበጥ፤ ካልሆነ አይገልበጥ ተብሎ ኮዱ ተስተካከለ። በመግቢያው ላይ ፍርግርግ ተተከለ ብንል አንሳሳትም። እርማቱ በዚያው ወር ከወጣው 6.4 እትም ጋር ቀረበ። ወዲያው ማደስ ላልቻሉ ደግሞ ይህን የመለያ ዘዴ ለጊዜው እንዲዘጉ ተመከረ።

ነገሩ ግን እዚህ አያበቃም። ኮዱ የሚታረመው አንድ ጊዜ ነው፤ ሰርቨሮቹ ግን እያንዳንዳቸው በየቦታቸው መታደስ አለባቸው። በአንድ ወቅት ከጎበኘናቸው ተቋማት በአንዱ የሚሠራ ፕሮክሲ ሰርቨር ለዓመታት ማንም ሳይነካው በመቆየቱ ሲመሰገን ሰምተናል። እኛም በዚያን ጊዜ የጥንካሬው ምልክት መስሎን አብረን አድንቀናል። ዛሬ መለስ ብለን ስናስበው ግን ያደነቅነው ቸልተኝነትን ነበር። የ40 ተማሪዎች የኢንተርኔት መንገድ በአንድ በር ሲያልፍ የዚያ በር ጠባቂ መተኛት ጉዳቱ ለአርባዎቹም ነውና።

ስለሆነም በዚህ ዘርፍ ለመሠማራት የምትሹ ተማሪዎቻችን ሁለት ልማዶችን ከአሁኑ እንድታዳብሩ እንመክራለን። አንደኛ፣ ፕሮግራም ስትጽፉ ከውጭ የሚመጣን ማንኛውንም መረጃ ሳትለኩ አትቀበሉ። ሁለተኛ፣ በኃላፊነት የተረከባችሁት ሰርቨር ስንተኛ እትም እንደሆነ ጽፋችሁ ያዙ፤ አዲስ እርማት መውጣቱንም በየጊዜው ተከታተሉ። የስኩዊድ ኮድ ለማንም ክፍት ስለሆነ የተደረገውን እርማት ራሳችሁ አንብባችሁ ማረጋገጥ ትችላላችሁ። ፍርግርግ አንዴ ስለተተከለ ብቻ አይታመንም፤ ግንዱ ሲከማችበት የሚያጸዳው ሰው ያስፈልገዋል።