የመኪና መሪ ለምን ይጮኻል? መድኃኒቱስ ምንድን ነው?

ሐኪም በሽተኛ ሲመጣለት መድኃኒት ከማዘዙ በፊት «የት ላይ ያምሃል? መቼ ጀመረህ? የሚብስብህስ ምን ስታደርግ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። መኪናም ስትታመም የምትመረመረው በዚሁ ሥርዓት ነው። ብዙ ሰው ግን መሪው ድምፅ ሲያሰማ ምንም ሳይጠይቅ ወደ ጋራዥ ይሮጥና ቀበቶ በመለወጥ ለሚድን በሽታ ፓምፕ ይገዛል። ከዚህ የከፋም አለ፤ ሌላው ድምፁን ለምዶት ዝም ሲል የላላው መጋጠሚያ አንድ ቀን ይነቀልና ጎማው ከመሪው ትእዛዝ ይወጣል። የፊተኛው ኪሳራ የገንዘብ ነው፤ የኋለኛው ግን የሕይወት ነው። ስለዚህ ዛሬ የሚነዱ ወላጆቻችንም ሆኑ ነገ የምንነዳው ተማሪዎች የመሪን ድምፅ ለይተን ማወቅ ይገባናል።

በመጀመሪያ አሠራሩን እንመልከት። ነጂው መሪውን ሲያዞር ዘንጉ ይዞራል፤ ዘንጉም በታች ያለውን የመሪ ሳጥን ያንቀሳቅሳል። ከሳጥኑ የሚወጡት ክንዶች በጫፋቸው ባለው ኳስ መሰል መጋጠሚያ አማካይነት ጎማዎቹን ወደ ቀኝና ወደ ግራ ይገፋሉ። ይህን ሥራ የሚያቀል ረዳት ኃይልም አለ። በፈሳሽ በሚሠራው ዓይነት፥ ሞተሩ ቺንጋ በሚባለው የጎማ ቀበቶ ፓምፕ ያዞራል፤ ፓምፑም ፈሳሹን በከፍተኛ ግፊት ወደ መሪው ሳጥን ይልካል። ይህን ጥበብ ፍራንሲስ ዴቪስ የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1926 በመኪና ላይ አሳየ፤ ለገበያ በቀረበ የቤት መኪና ላይ የዋለው ግን እ.ኤ.አ. በ1951 በክራይስለር ኢምፔሪያል ነው።

እንግዲህ ድምፆቹን አንድ በአንድ እንመርምር።

አንደኛው ማቃሰት ነው። ሞተሩ ሲሠራ፥ መሪው በዞረ ቁጥር እየጎላ የሚሄድ የማላዘን ድምፅ ከተሰማ የመጀመሪያው ጥርጣሬ የፈሳሽ ማነስ ነው። በፊዚክስ ትምህርታችን እንደተማርነው ፈሳሽ ቢጫኑት መጠኑ አይቀንስም ለማለት ይቻላል፤ አየር ግን ይታመቃል። የፈሳሹ ልክ ሲወርድ ፓምፑ አየር ይስባል፤ የአየሩም አረፋ በግፊት ሲጨፈለቅ ይጮኻል። ስለዚህ ሞተሩን አጥፍቶ በማጠራቀሚያው ላይ ያለውን የልክ ምልክት ማየት ይገባል። ፈሳሹ ጎድሎ ከተገኘ መሙላት ብቻ አይበቃም፤ እንደ ቤንዚን እየተቃጠለ አያልቅምና የሚያፈስበት ስፍራ ተፈልጎ መጠገን አለበት። የሚጨመረውም የመኪናዪቱ መመሪያ መጽሐፍ ያዘዘው ዓይነት ብቻ ነው። የፍሬን ዘይት ከቶ አይጨመርም፤ የጎማ ማሸጊያዎቹን አሳብጦ ያበላሻልና።

አየሩን ለማስወጣት የኋላ ጎማዎችን በድንጋይ ደግፎ፥ የፊቶቹን በክሪክ አንሥቶ በጠንካራ ድጋፍ ላይ ማሳረፍ ነው። ከዚያም ሞተሩ እንደጠፋ መሪውን ከዳር እስከ ዳር በዝግታ ደጋግሞ ማመላለስ፥ ልኩም ሲወርድ መጨመር ያስፈልጋል። አረፋው ሲጠፋ ሞተሩ ተነሥቶ ይኸው ይደገማል። መሪው እስከ መጨረሻው ሲዞር የሚሰማው የሽሽታ ድምፅ ግን ግፊቱን የሚያስተነፍሰው በር ሲከፈት ነውና በሽታ አይደለም። ሆኖም በዚያ ቦታ ከ5 ሰከንድ በላይ ይዞ መቆየት ፓምፑን ያግለዋል።

ሁለተኛው ሲጥ ማለት ነው። ይህ ቀጭን ጩኸት በተለይ በማለዳ ሞተሩ ሲነሣ፥ ወይም መሪው እስከ ዳር ሲዞር ይሰማል። ምክንያቱም ቺንጋው ላልቶ ወይም አርጅቶ መንሸራተቱ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ቺንጋው ይታይ፤ ፊቱ እንደ መስተዋት ካብለጨለጨ፥ ከተሰነጣጠቀ ወይም ዘይት ከነካው ይለወጣል። ደኅና ሆኖ ከላላ ብቻ ይወጠራል፤ ራሱን በራሱ የሚወጥር መሣሪያ ያላቸው መኪናዎች ግን መሣሪያው ራሱ ይመረመራል።

ሦስተኛው ቋ፥ ቋ የሚል ድምፅ ነው። በጐድጓዳ መንገድ ላይ ወይም መሪው ጥቂት ሲወዛወዝ የሚሰማ ከሆነ የክንዶቹ መጋጠሚያ አልቋል ማለት ሊሆን ይችላል። ከሁሉም የሚያስፈራው ይህ ነው። መመርመሪያው ቀላል ነው፤ አንዱ ሰው መሪውን በጥቂቱ ግራና ቀኝ ሲያወዛውዝ፥ ሌላው ዝቅ ብሎ መጋጠሚያዎቹን ይመለከታል። ከዚያም ጎማው ተነሥቶ ግራና ቀኙን ይዞ መነቅነቅ ነው፤ ከተጫወተ ጥፋቱ በመሪው ክንድ በኩል ሳይሆን አይቀርም። ከላይና ከታች ተይዞ ሲነቀነቅ ከተጫወተ ደግሞ የጎማው ኩሽኔታ ወይም ጎማውን የሚሸከመው መጋጠሚያ ይጠረጠራል። እንዲህ ያለች መኪና ሳትጠገን መንገድ መውጣት የለባትም። የክንዱ መጋጠሚያ ከተለወጠም በኋላ የጎማዎቹ አቀማመጥ በአላይመንት ይስተካከላል፤ አለዚያ አዲሱ ጎማ ሳይቆይ በአንድ ወገን ይበላል።

አራተኛው ጠቅ፥ ጠቅ የሚል ድምፅ ነው። ኃይሉ በፊት ጎማዎች በሆነ መኪና ላይ፥ መሪው እስከ ዳር ዞሮ በዝግታ ሲኬድ ከተሰማ ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ መጋጠሚያ ተበልቷል። አብዛኛውን ጊዜ መነሻው የመጋጠሚያው የጎማ ልባስ መቀደድ ነው፤ ግሪሱ ይወጣል፥ በፈንታው አቧራ ይገባል። በኮረት መንገድ የሚመላለስ ሰው ይህን ልባስ ደጋግሞ ቢያይ ይጠቀማል፤ በጊዜው ከተደረሰበት ልባሱንና ግሪሱን መለወጥ ይበቃልና።

በኤሌክትሪክ የሚታገዝ መሪም አለ። ይህ እ.ኤ.አ. በ1988 በሱዙኪ ሰርቮ መኪና ላይ ተጀምሮ ተስፋፍቷል። መንግሥታችንም እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪናዎች በመንገዳችን ላይ በርክተዋል። በዚህ ዓይነቱ መሪ ፈሳሽም የፓምፕ ቺንጋም ስለሌለ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ድምፆች አይሰሙበትም። መጋጠሚያዎቹ ግን ያው ናቸውና ሦስተኛውና አራተኛው አይቀሩም።

ልክ ማየት፥ ቺንጋ መመልከትና ማዳመጥ የማንኛውም ነጂ ሥራ ነው፤ መጋጠሚያ መፍታትና መግጠም ግን የባለሙያ ነው። ነጂው ድምፁ መቼና የት እንደሚሰማ ለመካኒኩ በትክክል ቢነግረው የሥራው እኩሌታ ተሠራ ማለት ነው። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ዓይነቱም ነገር ይሆናል።