የላፕቺክ የጋዜጣ ቁራጮች

ተጫዋች የነበረ አሰልጣኝን ቶሎ የሚያስተው የራሱ ችሎታ ነው። እሱን ስም ያስጠራው ነገር ሁሉንም ልጅ የሚያሳድግ ይመስለዋል። ለጀማሪ አሰልጣኞች የአሜሪካዊውን የቅርጫት ኳስ አሰልጣኝ የጆ ላፕቺክን ታሪክ የምነግራቸው ለዚህ ነው።

ላፕቺክ እ.ኤ.አ. በ1900 ከኒውዮርክ ከተማ አጠገብ፣ ዮንከርስ ውስጥ ከስደተኛ ቤተሰብ ተወለደ። በ1920ዎቹ ኦሪጅናል ሴልቲክስ በሚባለው የኒውዮርክ ፕሮፌሽናል ቡድን ሴንተር ሆኖ ተጫወተ። ቁመቱ 1 ሜትር ከ96 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነበር፤ ለዚያ ዘመን ግዙፍ ነው። ያኔ ቅርጫት በገባ ቁጥር ኳሱ ወደ መሐል ሜዳ ተመልሶ በዝላይ ይጀመር ስለነበር፣ ዝላዩን የሚያሸንፍ ሴንተር ያለው ቡድን ኳሱን ደጋግሞ ያገኛል። የላፕቺክ እንጀራ ይኸው ዝላይ ነበር።

በ1936 የሴንት ጆንስ ዩኒቨርሲቲ አሰልጣኝ ሆነ። በዓመቱ ከግብ በኋላ የሚደረገው ዝላይ ከሕጉ ወጣ። የተካነበት ሥራ እንዲህ ሲቀር፣ ለልጆቹ የሚያወርሳቸው ከሴልቲክስ ጓደኞቹ ጋር የኖረበት ቅብብል ነበር። ከእነሱ አንዱ ደች ዴነርት ጀርባውን ለቅርጫቱ ሰጥቶ ኳስ ይቀበላል፤ ጓደኞቹ በግራና በቀኝ አጠገቡ ሲያልፉ ለአንዱ ያቀብላል፣ ወይም ራሱ ዞሮ ይወረውራል። እኔም ዛሬ ልጆቼን የማለማምደው ይህንኑ ነው። ሴንት ጆንስ በ1943 እና በ1944 በተከታታይ ኤንአይቲ የተባለውን የኮሌጆች ዋንጫ ወሰደ። ቀጥሎ ላፕቺክ ኒውዮርክ ኒክስን ይዞ ከ1951 እስከ 1953 ሦስቴ ለኤንቢኤ ፍጻሜ ደረሰ፤ ሦስቱንም ተሸነፈ።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን በ1951 በኮሌጅ ቅርጫት ኳስ የፈነዳው የውርርድ ቅሌት ነው። ቁማርተኞች ብዙውን ጊዜ ተማሪ ተጫዋቾችን «ተሸነፉ» አይሏቸውም ነበር፤ አሸንፉ፣ የነጥብ ልዩነቱን ብቻ አጥብቡ ነው የሚሏቸው። አንድ ነፃ ውርወራ መሳት፣ አንድ ቅብብል ማዘግየት ይበቃል፤ ከዳር ለሚያይ ሰው ድካም ይመስላል። ከተያዙት መካከል የሲቲ ኮሌጅ ልጆች ነበሩ፤ በ1950 ሁለቱን ታላላቅ የኮሌጅ ዋንጫዎች በአንድ ወቅት የወሰዱት ማለት ነው። አሰልጣኛቸው ናት ሆልማን ደግሞ የላፕቺክ የሴልቲክስ ባልደረባ ነው። አብሮት በተጫወተ ሰው ቤት ነው እሳቱ የነደደው።

ላፕቺክ የጉዳዩን የጋዜጣ ቁራጮች እየቆረጠ በደብተር ላይ ለጠፈ። በ1956 ወደ ሴንት ጆንስ ሲመለስ ተጫዋቾቹን ያንን ደብተር አስነበባቸው። በ1965 ጡረታ ሲወጣ፣ የመጨረሻ ጨዋታው ቪላኖቫን 55 ለ51 አሸንፎ የኤንአይቲ ዋንጫ ያነሳበት ነበር። ለእኔ ከዋንጫው ደብተሩ ይበልጣል።

እኛ ሜዳ ዳር ልጆች ጫማቸውን እያሰሩ ስለ ቲኬትና ስለ ኦድ ነው የሚያወሩት። ቤቲንግ ቤቱ ከልምምድ ሜዳው አይርቅም። በእግር ኳስ ውጤት ዛሬ የሚወራረድ ልጅ፣ ነገ በራሱ ጨዋታ ላይ የሚያናግረው ሰው ሊመጣበት ይችላል። ስለዚህ የሙያ ባልደረቦቼ፣ የውድድር ዘመኑ ሳይጀመር አንድ የልምምድ ሰዓት ለዚህ ጉዳይ ስጡ። ኳሱን አስቀምጡና ቁጭ ብላችሁ፣ በ1951 የተያዙት ልጆች ምን እንደደረሰባቸው ንገሯቸው።