ታንኳችን ለምን ሰጠመች?

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። ተረቱ እውነት ነው። ሆኖም የትኛው ሎሚ የማን እንደሆነ አስቀድሞ ካልተነገረ ሃምሳውም መሬት ላይ ይቀራል። ይህን እኛ የታንኳ ክበብ አባላት ባለፈው ዓመት በራሳችን አይተነዋል። በዚህ አጭር ጽሑፍ የደንገል ታንኳ እንዴት እንደምትንሳፈፍና ለምን እንደምትሰጥም፣ እንዲሁም ያለ ደመወዝ የሚሠራ ክበብ እንዴት ሊቆም እንደሚችል ለአንባብያን ለመግለጽ እንሞክራለን።

ክበባችን ትንሽ ነው። አሥራ አራት ሠልጣኞች ነበርን፤ አሁን አሥራ ሁለት ነን። ቅዳሜ ቅዳሜ ጧት በጣና ዳር፣ ከደንገሉ አጠገብ እንገናኛለን። ጧት የሆነበት ምክንያት አለው። ሐይቁ ጧት ይረጋል፤ ከቀትር በኋላ ነፋስ ሲነሣ ማዕበሉ ለትንሽ ታንኳ አይመችም። ጣና ስፋቱ 3000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ነፋሱን የሚገታው ነገር የለም።

በ2007 ዓ.ም. ዩኔስኮ ሐይቁንና ዙሪያውን በዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ቦታዎች መዝገብ አስገብቶታል። ታዲያ ይህ ማለት ሰው ድርሽ አይበል ማለት አይደለም። ቦታው በሦስት ይከፈላል፤ በጥብቅ የሚጠበቀው እምብርት፣ እምብርቱን የሚከልለው ዙሪያና ሰው እያረሰና ዓሣ እያጠመደ የሚኖርበት ክፍል ናቸው። እኛም የምንቀዝፈው በተፈቀደልን ዳር ነው። ወፎች ጎጆ ከሠሩበት ደንገል እንርቃለን፤ ጉማሬ ከታየ ደግሞ በዚያን ቀን ታንኳ ውሃ አይነካም።

አሁን ወደ ታንኳዋ እንመለስ። የደንገል አገዳ ሦስት ማዕዘን ሲሆን ልጡ ጠንካራ፣ ውስጡ ግን እንደ ስፖንጅ ነው። በዚያ ስፖንጅ ውስጥ አየር አለ፤ ታንኳዋን የሚያንሳፍፋት ይኸው አየር ነው። አገዳው ታጭዶ በፀሐይ ይደርቃል፤ ከዚያም በነዶ በነዶ ተጠፍሮ ይታሰራል። ነገር ግን አገዳ በተቆረጠበት ጫፍ በኩል ውሃ ቀስ በቀስ እየገባ አየሩን ያስወጣዋል። ስለዚህ ታንኳ ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ ከውሃ ወጥታ፣ ዛፍ ተደግፋ ቆማ መድረቅ አለባት። እንዲህ ተይዛም ቢሆን ዕድሜዋ የወራት ነው።

ታንኳ አሠራር ያስተማሩን የነገደ ወይጦ ተወላጅ የሆኑ አንድ አባት ናቸው። ማኅበረሰቡ በዚህ ሙያ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። የመጀመሪያ ቀን እንዲህ አሉን፦ «ልጆቼ፣ ታንኳ ውሃ ትጠጣለች። አንድ ቀን ብትጠጣ ፀሐይ ያድናታል። ሰንብታ ከጠጣች ግን እኔም አላድናትም።» እኛም ሳቅን።

ደንገል ደካማ ነው የሚል ካለ ተሳስቷል። ኖርዌጂያዊው ቶር ሄየርዳል በ1961 እና በ1962 ዓ.ም. «ራ» የተባሉትን ሁለት ጀልባዎች ያሠራው ከጣና በተወሰደ ደንገል ነበር። የመጀመሪያዋ መንገድ ላይ ተበላሸች፤ ሁለተኛዋ ግን ከሞሮኮ ተነሥታ በ57 ቀን ባርቤዶስ ደርሳለች። የእኛዋስ? ከዳር ሃምሳ ሜትር ሳትርቅ ሰጠመች።

ነገሩ እንዲህ ነው። በፈተና ሰሞን ሁላችንም ጥናት ላይ ነበርን። ሁለት ታንኳ ነበረን፤ አሮጌዋ ውሃ ላይ እንደታሰረች ዘጠኝ ቀን ቆየች። እያንዳንዳችን «መቼም አንዱ ያወጣታል» ብለን ነበር። ፈተናው ባለቀ ማግሥት ሁለት ጓደኞቻችን ይዘዋት ወጡ። ነዶው ከብዷል፣ ማሰሪያውም በስብሷል፤ ጥቂት እንደተጓዙ ኋላዋ ተፈታ። አንደኛው ዋና አይችልም ነበር። ከተፈታው ነዶ አንዱን አቅፎ እንደምንም ቆየ፤ አንድ ዓሣ አጥማጅ ደርሶ አወጣው። ማታ መኝታ ቤት ስንሰበሰብ «ጥፋቱ የማን ነው?» ተባለ። መልስ የሚሰጥ ጠፋ። ለካስ ችግሩም ይኸው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ያወጣነው ደንብ አጭር ነው። አንደኛ፣ በየሳምንቱ ሁለት ሰው በስም ተጽፎ ተረኛ ይሆናል፤ ታንኳዋን አውጥቶ ማድረቅና ማሰሪያዋን መፈተሽ የእነርሱ ፋንታ ነው። ሁለተኛ፣ ፈተና ሲደርስ ታንኳ ቀድማ ትወጣለች። ሦስተኛ፣ ማንም ሰው ክዳኑ የተጠበቀ ባዶ ጀሪካን ሳይዝ አይቀዝፍም፤ ዋና የማይችልም ወደ ጥልቁ አይሄድም።

በሰጠመችው ፋንታ አዲስ ለመሥራት ስንነሣ ሌላ ነገር ተማርን። አባታችን ደንገሉን ዞረው አሳዩን። እርሻ እየገፋው፣ ከብት እየገባበትና ያለ ቁጥብ እየታጨደ ሳስቷል። ደንገል ሥሩ ካልተነቀለ መልሶ ያቆጠቁጣል፤ ለጋው ሳይቀር በየጊዜው ከታጨደ ግን ይደክማል። ይህ ደንገል ከማሳ የሚመጣውን ደለል ያጣራል፤ ለዓሣ ጫጩትም መጠለያ ነው። «አንዷን በደንብ ከያዛችሁ ትበቃችኋለች» አሉን። ብዙ ተከራከርን። በመጨረሻ አንድ ታንኳ ይበቃል የሚለው በድምፅ አለፈ፤ በዚህ የተከፉ ሁለት አባላትም ለቀቁ። እስካሁን ቅር ይለናል፤ ውሳኔው ግን ትክክል ይመስለናል።

የቀረውን ጊዜ እምቦጭ ለመንቀል አውለነዋል። ይህ አረም ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በተለይ በሐይቁ ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ተስፋፍቷል። ከተመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ሊሆን ይችላል፤ ዘሩም ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። ነቅሎ ዳር ላይ መጣል ዋጋ የለውም፤ ውሃው ሞልቶ መልሶ ይወስደዋል። ከውሃው ርቆ ተዘርግቶ መድረቅ አለበት። እዚህም ላይ ማን ነቃይ፣ ማን ተሸካሚ እንደሆነ በስም ይጻፋል።

ነገ በየገጠሩ ስንመደብ ክበብ አቋቁሙ መባላችን አይቀርም። የችግኝ ክበብ ይሁን የንባብ፣ በፈቃደኞች የሚሠራ ሥራ የሚፈርሰው ብዙውን ጊዜ በክፉ ሰው ሳይሆን «አንዱ ያደርገዋል» በሚሉ ደጋግ ሰዎች ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የተረኛ መዝገብ እናውጣ፤ ሌላው ቀስ ብሎ ይመጣል።

ሁለት የአባላት ቦታ ክፍት አለን። የሚፈልግ ቅዳሜ ጧት በ1 ሰዓት ይምጣ። ዋና የማይችልም ዳር ላይ ሥራ አያጣም።