«ወጪና ኪሳራ ይቻቻሉ»

ባለፈው ዓመት እዚሁ ሀዋሳ በፍትሐ ብሔር ክርክር አሸነፍኩ። 90 ሺህ ብር ተበድሮኝ አልመልስም ያለኝ ሰው እንዲከፍለኝ ተፈረደ። ችሎት ውስጥ እልል ማለት ቢፈቀድ እልል ባልኩ ነበር። ደስታዬ የቆየው ግን ዳኛዋ የመጨረሻዋን መስመር እስኪያነቡ ድረስ ነው፤ «ወጪና ኪሳራ ግራ ቀኙ ይቻቻሉ።»

ትርጉሙን ጠበቃዬ በር ላይ አስረዳኝ። ለክርክሩ ያወጣሁትን እኔው እችላለሁ፤ እሱም የራሱን ይችላል። ለዳኝነት፣ ለጠበቃ፣ ለኮፒና ለምስክሮች ትራንስፖርት ያወጣሁት 17 ሺህ ብር ደርሷል። መናኸሪያ አካባቢ ካለችኝ ትንሽ ሱቅ ለልጆቼ ትምህርት ቤት ያጠራቀምኩት ነበር። «በደለኛው እሱ፣ ከሳሪዋ እኔ?» እያልኩ ቤት ገባሁ። ባለቤቴ «ተይው፣ ዋናው ተገኝቷል» ሲለኝ ጭራሽ ተናደድኩ። ይግባኝ ልል ወሰንኩ።

ከዚያ በፊት ግን ዳኛ ሆነው አገልግለው ጡረታ የወጡትን አጎቴን ላማክር አሞራ ገደል ወሰድኳቸው። የዓሣ ሾርባቸውን ፉት እያሉ ውሳኔውን ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«ልጄ፣ ክሱ ላይ ወጪና ኪሳራ ይተካልኝ ብለሻል?»

ከቦርሳዬ አውጥቼ አየሁት። የለም። ክሱን ያስጻፍኩት ፍርድ ቤት በር ላይ ከሚጽፉት ነው፤ ጠበቃ የያዝኩት ኋላ ነበር።

«ደረሰኝስ?»

የግማሹ የለም።

«እንግዲያው ስሚኝ» አሉ። «የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 462 ወጪውን ማን ይክፈል፣ ምን ያህል ይክፈል የሚለውን ለዳኛው ፍቅደ ሥልጣን ትቶታል። ይግባኝ ሰሚው ይህን በቀላሉ አይነካም። ጠይቀሽ፣ ማስረጃ አቅርበሽ፣ ያለ ምክንያት ተከልክለሽ ቢሆን የምትይው ነበረሽ። ያልጠየቅሽውን ለምን አልሰጡኝም ብትዪ ግን ማን ይሰማሻል?»

«ቢሆንም ልሞክር፤ 60 ቀኑ አላለፈም» አልኳቸው።

«አላለፈም። ግን ለይግባኙም ትከፍያለሽ። ፍርድ ቤቱ ‹ያስቀርባል› ካለ ደግሞ ያ ሰው መልስ እንዲሰጥ ይጠራል። ሲጠራ መስቀለኛ ይግባኝ ማቅረብ ይችላል። እስካሁን ዝም ያለበት የ90 ሺህ ብሩ ፍርድ እንደገና ክርክር ይነሳበታል።»

ማንኪያዬን አስቀመጥኩ። ይህን ማንም አልነገረኝም ነበር።

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንብሽ» አሉኝና ወደ ዓሣቸው ተመለሱ።

ሦስት ቀን አሰብኩበት። ንዴቴ አልበረደም፤ ሂሳቡ ግን ግልጽ ነበር። ይግባኙን ትቼ የአፈጻጸም መዝገብ ከፈትኩ። ገንዘቡ በአራት ጊዜ ተከፍሎ አልቋል።

ክስ ላይ ላላችሁ የተማርኩትን ልንገራችሁ። ወጪና ኪሳራ በክሱ ወይም በመልሱ ላይ በግልጽ ይጠየቅ። ከመጀመሪያዋ ቀን ጀምሮ እያንዳንዱ ደረሰኝ ይቀመጥ። ተሸንፋችሁ የወጪ ዝርዝር ከቀረበባችሁ ደግሞ የማታምኑበትን ቁጥር ነጥብ በነጥብ በጽሑፍ ተቃወሙ። በሥር ፍርድ ቤት ዝም ያላችሁበትን ፍሬ ነገር በይግባኝ እንደ አዲስ ማንሳት አይቻልም። ይግባኝ ስታስቡም የምታገኙትን ብቻ ሳይሆን በእጃችሁ ያለውንም ቁጠሩ።

17 ሺህ ብሬ ቀርቷል። ባለቤቴ አንዳንዴ «የትምህርት ቤት ክፍያ ነው፤ የተማርሽው ግን አንቺ ነሽ» ይለኛል። አሁን ሱቄ ውስጥ ከሚዛኑ በታች አንዲት ካርቶን አለች። ደረሰኝ የሆነ ሁሉ እዚያ ይገባል።