ተጠምጥሞ እሳት የሚገባ ሽቦ

በፈረንሳይና በስዊዘርላንድ ድንበር ሥር፣ 100 ሜትር ያህል ወደ ታች፣ ዙሪያው 27 ኪሎ ሜትር የሆነ ዋሻ አለ። ሰርን የተባለው የምርምር ማዕከል ፕሮቶኖችን ወደ ብርሃን ፍጥነት አስጠግቶ የሚያጋጨው እዚያ ነው። የሚያፈጥናቸው የኤሌክትሪክ መስክ ሲሆን፣ ከክቡ እንዳያፈነግጡ የሚያጥፋቸው ግን ማግኔት ነው። ጉልበታቸው በጨመረ ቁጥር ለማጠፍ ያስቸግራሉ። ስለዚህ የበለጠ ጉልበት የሚሻ ሰው ወይ ዋሻውን ማስፋት፣ ወይ ማግኔቱን ማበርታት አለበት።

አሁን የሚሠሩት ማጠፊያዎች 1232 ናቸው፤ እያንዳንዳቸው 15 ሜትር ይረዝማሉ፣ 35 ቶን ያህል ይመዝናሉ። ሽቦአቸው የኒዮቢየምና የቲታኒየም ቅይጥ ነው። በፈሳሽ ሂሊየም ከዜሮ በታች 271 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ ሱፐርኮንዳክተር ይሆንና ወደ 12,000 አምፔር የሚጠጋ ኤሌክትሪክ ያለ አንዳች ተቃውሞ ያሳልፋል። የተነደፉት ለ8.3 ቴስላ መግነጢሳዊ መስክ ነው፤ ቅይጡም ከዚያ ብዙ አያልፍም።

ተተኪው ኒዮቢየምን ከቲን ያዋሃደ ውሁድ ነው። ሱፐርኮንዳክተር መሆኑ እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ ይታወቃል፣ ብርቱ መስክም ይቋቋማል። ችግሩ ተሰባሪ መሆኑ ነው፤ ሊጠመጥሙት ሲሞክሩ ይሰነጠቃል።

መሐንዲሶቹ ያገኙት መላ ከሸክላ ሥራ ጋር ይመሳሰላል፦ መጀመሪያ ቅርጽ፣ ከዚያ እሳት። ገመዱ ሲጠመጠም ኒዮቢየሙና ቲኑ በመዳብ ውስጥ ጎን ለጎን ያሉ እንጂ ገና የተዋሃዱ ስላልሆኑ እንደ ልብ ይታጠፋል። ጥቅሉ ቅርጹን ከያዘ በኋላ 650 ዲግሪ ያህል በሚግል ምድጃ ውስጥ ለቀናት ይቆያል፤ ቲኑም ወደ ኒዮቢየሙ ሰርጎ ይዋሃዳል። ፕላስቲክ ይህን ሙቀት ስለማይችል ገመዱ የሚለብሰው የመስታወት ክር ነው። ከምድጃ ሲወጣ ደግሞ ኢፖክሲ ሙጫ ይጠጣና ይደርቃል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ያለ ምክንያት አይደለም። ኤሌክትሪኩ ሲለቀቅ መስኩ ጥቅሉን በኃይል ይገፋዋል። ገመዱ በጥቂቱ እንኳ ከተንሸራተተ ቦታው ይሞቃል፣ ሱፐርኮንዳክተርነቱን ያጣል፣ ሙቀቱም ይዛመታል። ባለሙያዎቹ ኩዌንች የሚሉት ይህንን ነው። መነሻው የገመድ መንሸራተት ባይሆንም፣ እንዲህ ያለ ሙቀት የሚያደርሰው ጉዳት አንድ ጊዜ ታይቷል፦ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2008 ሰርን ውስጥ በማግኔቶች መካከል ያለ አንድ የኤሌክትሪክ መገጣጠሚያ ተበላሽቶ ቶኖች ሂሊየም ወደ ዋሻው ሲያመልጥ፣ ማሽኑ ከአንድ ዓመት በላይ ቆሟል።

እ.ኤ.አ. በ2020 የአሜሪካው ፌርሚላብ የሞከረው ማጠፊያ ማግኔት 14.5 ቴስላ ደርሷል። ግን አጭር የሙከራ ማግኔት ነበር። 91 ኪሎ ሜትር ያህል እንዲሆን ለታሰበው የሰርን ቀጣይ ዋሻ የሚያስፈልጉት በሺዎች የሚቆጠሩ ረጃጅም ማግኔቶች ናቸው፤ ከፍ ያለ መስክ ላይ ከመድረስ ይልቅ የሚከብደውም አንዱን ጥቅል ሳይሰነጠቅ ደጋግሞ መሥራት ነው። ለዚህ የመጀመሪያው እውነተኛ ፈተና ለአሁኑ ማሽን ማሻሻያ የሚሠሩት የጨረር ማጥበቢያ ማግኔቶች ናቸው፦ የአሜሪካ ቤተ ሙከራዎች ባለ 4.2 ሜትሩን፣ ሰርን ባለ 7.2 ሜትሩን ይሠራሉ።