«አለፈ» ማለት ትክክል ነው ማለት አይደለም

እንጅባራ ላይ ሲ ፕላስ ፕላስ የሚማሩ ጓደኞቼ ኮዳቸው ያለ ስህተት ሲያልፍ ፊታቸው ይፈካል። እኔ የኢኮኖሚክስ ሰው ነኝና መጀመሪያ የምጠይቀው «ፈታሹስ ማነው?» ብዬ ነው።

ፈታሹ ኮምፓይለር ነው። የጻፍነውን ኮድ ማሽኑ ወደሚገባው ቋንቋ ይቀይራል፤ ደንብ የጣሰውን ይመልሳል። ቴምፕሌት ደግሞ ባዶ ቦታ ያለው ቅጽ በሉት፦ አንዴ ተጽፎ ለቁጥርም ለጽሑፍም ይሞላል። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው የቋንቋው ደንብ ቅጹ ሁለቴ እንዲታይ ያዛል። ከባዶው ቦታ ጋር የማይገናኘው ስም ገና ሲጻፍ፣ የሚገናኘው ሲሞላ።

የማይክሮሶፍት ቪዥዋል ሲ ፕላስ ፕላስ ግን ለዓመታት የመጀመሪያውን ዙር ይዘለው ነበር። የትም ያልተገለጸ ስም የሚጠራ ቴምፕሌት፣ ማንም እስካልተጠቀመበት ድረስ፣ በሰላም ያልፋል! ጂሲሲ የተባለው ነፃ ኮምፓይለር በ2004፣ በ3.4 እትሙ፣ ቁጥጥሩን ሲያጠብቅ ሲሠራ የኖረ ኮድ ተመለሰ። ማይክሮሶፍት ሁለቱን ዙር ያመጣው በ2017 ነው፤ ያውም ጥብቁን አሠራር ለመረጠ ብቻ።

ዳንግላ ገበያ ላይ ሚዛኑ ቢዛባ ገዢው በምን ያውቃል? ሌላ ሚዛን ላይ ሲያስቀምጠው። እዚህም ያው ነው። ላላ ያለ ፈታሽ ወጪውን አያስቀርም፣ ያዘገየዋል እንጂ። ኮዱ ወደ ሌላ ኮምፓይለር የተዛወረ ቀን ዕዳው የሚወድቀው ተረካቢው ላይ ነው። ስለዚህ ሥራችሁን ከማስረከባችሁ በፊት በሁለት ኮምፓይለር ሞክሩት፤ ጂሲሲም ክላንግም በነፃ ይገኛሉ።